ሰይፉ ለምን ይስታል? ስለ ሞሮዊንድ ውጊያ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ጌም ወዳድ በሆኑ ወጣቶች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጽሑፉ የሚናገረው ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ስላወጣው፣ ሞሮዊንድ ስለተባለው የምናብ ዓለም ጨዋታ ነው። ጸሐፊው ስድስት ነገሮችን ያነሣሉ። ሰይፍ ጠላትን እየነካ «ሳተ» የሚባልበት ውጊያ የተበላሸ ነው፤ ስታት የሚባሉት ቁጥሮች ጌጥ ስለሆኑ ዘርንም ሙያንም እንደ ዓይን አምሮት መምረጥ ይቻላል፤ የገጸ ባሕርይውን የጉልበት መጠን የምታሳየው አረንጓዴዋ መስመር ከሩጫ በቀር አገልግሎት የላትም፤ ደረጃ በተጨመረ ቁጥር አምስት አምስት ነጥብ ያላገኘ ገጸ ባሕርይ ስለከሸፈ ከአዲስ መጀመር ይሻላል፤ መፍትሔው ጨዋታውን የሚያቀልለውንና የሚያከብደውን የክብደት መቆጣጠሪያ ወደ ታች መሳብ ነው፤ በመጨረሻም ጨዋታው ለእኛ ልጆች አይሆንም ይላሉ።

ምላሽ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የጸሐፊው ምሬት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እኔም በዚያው ቦታ ተሰናክዬ ስለማውቅ ምሬታቸው ይገባኛል። ያነሣሣኝ ምክራቸው ጀማሪውን ይበልጥ ወደሚሸነፍበት መንገድ የሚመራው መሆኑ ነው፤ ይህንንም በራሴ ቤት አይቻለሁ።

በነሐሴ የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥቶ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ከጦሳ የሚወርደው ጉም መስኮቱን የሚሸፍንበት፣ ዝናቡም ከቤት የማያስወጣበት ወር ስለሆነ አሮጌዋን ላፕቶፔን ከፍቼ ሞሮዊንድን ጫንሁለት። ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦት ስለነበር በዚያው ምክር ተመራ። ዘሩን ሬድጋርድ አደረገ፤ ከዋና ችሎታዎቹ መካከል ረጅም ሰይፍን መረጠ። ከዚያ ጨዋታው በሚጀምርባት በሴይዳ ኒን መንደር፣ በመዝጋቢዎቹ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ጩቤ አንሥቶ፣ ከበሩ እስከ ውሃው ዳር ለአፍታ ሳይቆም ሮጦ አንዲት የጭቃ ሸርጣን ላይ ወረደባት። አጠገቡ ተቀምጬ ቆጠርሁ፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ ሁለት ጊዜ ብቻ አገኛት፣ እርሷ ግን እየቆነጠጠች ገደለችው። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር እውነትም ተበላሽቷል» አለኝ። «አብሽር፤ እስቲ ታች በግራ በኩል ያለችውን አረንጓዴ መስመር እያት» አልሁት። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበረች። የልጁ ስሕተቶች ሁሉ በዚያች አንዲት ውጊያ ውስጥ ስለነበሩ፣ ከዚህ በታች ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው «ዓይኔ ሰይፉ ሲነካው እያየ ጨዋታው ሳተ ቢለኝ ዓይኔን ልመን ወይስ ጨዋታውን?» የሚል ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጨዋታው የተወለደበትን ወግ ማወቅን ይጠይቃል። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያሳተሙት ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። እርሱ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በወረቀት ላይ የገጸ ባሕርያቸውን ቁጥር ጽፈው፣ ዛራ እየጣሉ የሚጫወቱት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ «እመታዋለሁ» ያለ ሰው መምታት አለመምታቱን የሚወስነው የራሱ ክንድ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰው ችሎታ እና ዛራው ነው። ሞሮዊንድ ይህንኑ ስሌት ወስዶ በዓይን በምናየው ዓለም ውስጥ አስገባው። ስለዚህ ማውሱን የሚጫነው ተጫዋቹ ቢሆንም፣ ሰይፉን የሚሰነዝረው ገና ከእስር ወጥቶ ከመርከብ የወረደ፣ መሣሪያ መያዝን በቅጡ ያልለመደ ሌላ ሰው ነው። ጨዋታው «ሳትህ» ሲል ይህ ሰው ሳተ ወይም ተቃራኒው አመለጠ ማለቱ ነው።

ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፈረሰኛው ዘንጉን ወርውሮ ሲያበቃ ተባራሪው በኮርቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ወይም ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ያመልጣል፤ ዘንጉ ተሰብሯል፣ ጨዋታው ተበላሽቷል የሚል ተመልካች የለም። በሞሮዊንድ ያለው ችግር ተቃራኒው ጎንበስ ሲል አለመታየቱ ነው። ስሌቱ ማምለጡን ያውቃል፣ ሥዕሉ ግን አያሳየውም። በዚህ በኩል ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ የሳተ ምት ከተራ የአየር ድምፅ በቀር ሌላ ምልክት ስለሌለው፣ ያልተነገረው ጀማሪ የኮምፒውተሩ ብልሽት ቢመስለው አይፈረድበትም። ጉድለቱ የአገላለጽ ነው እንጂ የሥርዓቱ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2006 ባወጣው ኦብሊቪየን የነካ ሰይፍ ሁሉ እንዲያገኝና ችሎታ የጉዳቱን መጠን ብቻ እንዲወስን አድርጓል፤ በ2011 በወጣው ስካይሪም ደግሞ ጥንካሬና ቅልጥፍናን የመሳሰሉትን መለኪያዎች ጭራሽ አንሥቷቸዋል። ያንን የሚወድ ተጫዋች እነርሱን ቢመርጥ መብቱ ነው። ሆኖም አንድን ሥርዓት ከሌላው ስለተለየ ብቻ የተበላሸ ማለት ተገቢ አይደለም።

ስሌቱ ራሱ ለማንም የሚከብድ አይደለም። የያዙት መሣሪያ ችሎታ፣ የቅልጥፍና አንድ አምስተኛ እና የዕድል አንድ ዐሥረኛ ይደመራሉ። ድምሩ በአረንጓዴዋ መስመር መጠን ይባዛል፤ ብዜቱ መስመሯ ሙሉ ስትሆን 1.25፣ ባዶ ስትሆን 0.75 ነው። ከዚያ የተቃራኒው የማምለጥ አቅም ይቀነሳል፤ እርሱም ከቅልጥፍናውና ከዕድሉ በዚያው መንገድ ይሰላል። የሚተርፈው ቁጥር ከመቶ ሰንዘራ ስንቱ እንደሚያገኝ ይናገራል።

ጸሐፊው በሁለተኛው ነጥብ ስታት ጌጥ ነው ያሉት ይህን ስሌት ስላላዩት ይመስለኛል። የእህቴን ልጅ ገጸ ባሕርይ እንውሰድ። ዋና ተብሎ የተመረጠ ችሎታ ከ30 ይጀምራል፤ ሬድጋርድ በመሆኑ በረጅም ሰይፍ ላይ 15፣ የውጊያ ሙያ በመምረጡ 5 ተጨምሮለት ረጅም ሰይፉ 50 ሆኗል። የያዘው ግን ጩቤ ነበር። ጩቤ የሚቆጠረው በአጭር ስለት ችሎታ ሲሆን፣ ይህ ችሎታ በጨዋታው አመዳደብ ከውጊያ ሳይሆን ከድብቅ ሥራ ችሎታዎች ጎራ ነው። ያልተመረጠ ችሎታ ከ5 ስለሚጀምርና ዘሩ 5 ብቻ ስለጨመረለት በአጭር ስለት የነበረው 10 ነው። ቅልጥፍናውም ዕድሉም 40 ስለሆነ፣ ቅልጥፍናና ዕድሉ እንደ እርሱ 40 የሆነ ተቃራኒ፣ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ቢገጥመው የሚከተለው ይሆናል። የተቃራኒው የማምለጥ አቅም 15 ነው። ልጁ መስመሩ ሙሉ ሆኖ በረጅም ሰይፍ ቢዋጋ ከመቶ 62.5 ያገኛል፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ በዚያው ሰይፍ ቢዋጋ 31.5 ያገኛል። መስመሩ ሙሉ ሆኖ በጩቤ ቢዋጋ 12.5፣ መስመሩ ባዶ ሆኖ በጩቤ ቢዋጋ 1.5 ብቻ ያገኛል። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አካል፣ በአንድ ቀን፤ በ62.5 እና በ1.5 መካከል ያለውን ልዩነት ያመጡት እነዚያ ጌጥ የተባሉት ቁጥሮች ናቸው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚያች በመዝጋቢዎቹ ቤት በችኮላ የተሞላ ቅጽ ውጭ ወጥቶ መጀመሪያ በገጠመው ሸርጣን ፊት ይፈታል። ለጀማሪ የምመክረው አንድ የመሣሪያ ዓይነት ከዋና ችሎታዎቹ መካከል እንዲያስገባ፣ ያንኑ የሚደግፍ ዘር እንዲመርጥና በእጁም ያንኑ መሣሪያ እንዲይዝ ነው። ለገጸ ባሕርይው በሚመረጠው የልደት ኮከብም ቢሆን ጦረኛው የሚባለው ኮከብ በማግኘት ዕድል ላይ 10 ይጨምራል፤ እመቤቲቱ የምትባለው ደግሞ በጽናትና በግርማ ሞገስ ላይ 25 25 ትጨምራለች። በመነሻ ላይ የሚሰጠው ጤና የጥንካሬና የጽናት ድምር ግማሽ ስለሆነ፣ ጽናት የጨመረ ሰው ገና ከበሩ ሳይወጣ ዕድሜውን አስረዝሟል። ችሎታው ዝቅ ብሎ የተገኘ ሰውም መንገድ አያጣም። በባልሞራ ከተማ ያለውን የተዋጊዎች ማኅበር በመሰሉ ቦታዎች በገንዘብ የሚያሠለጥኑ መምህራን አሉ፤ በጨዋታው ሰዓት ሁለት ሰዓት የሚወስድ አንድ ሥልጠና ችሎታውን በአንድ ነጥብ ያሳድጋል።

ስለ አረንጓዴዋ መስመር የተጻፈው ሦስተኛው ነጥብ ከስድስቱ ሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጸሐፊው «ለሩጫ ብቻ» ያሏት ይህች መስመር ናት ውጊያውን በሙሉ የምትገዛው። መጠኗ የጥንካሬ፣ የቆራጥነት፣ የቅልጥፍናና የጽናት ድምር ነው። ስንሮጥና ስንዘል ትጎድላለች፣ ስንሰነዝርም ትጎድላለች፣ ስንራመድ ወይም ቆም ስንል ትሞላለች። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት በሩጫ የወጣ ሰው ደሴ መግቢያ ላይ ሲደርስ «በል አሁን ታገል» ቢባል እጁን ማንሣት እንደሚያቅተው የምናውቅ ሰዎች፣ የሴይዳ ኒኑ እንግዳ ከበሩ እስከ ባሕሩ በሩጫ ወርዶ ጩቤው ቢስት ሊገርመን አይገባም። ከዚህም በላይ የመስመሯ መጉደል በሰይፍ ላይ ብቻ አይቆምም፤ አስማት ሲደገም የመክሸፍ ዕድሉን ይጨምራል፣ ከነጋዴ ጋር ስንከራከር ዋጋውን ያስወድድብናል፣ ሰው ለማግባባት ስንሞክርም ንግግራችንን ያደክማል። አልፎ ሂያጅ ነጋዴ ገና ላቡ ሳይደርቅ ገበያ ገብቶ ቢከራከር ማን ይሰማዋል?

መፍትሔው ቀላል ነው። ጠላት ከመታየቱ በፊት ሩጫን ትቶ በእርምጃ መቅረብ፣ በመስመሯ ላይ ክፍተት ከታየ ለጥቂት ጊዜ ማረፍ፣ በኮሮጆም ድካም የሚመልስ መድኃኒት መያዝ ብቻ ነው። ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ፤ ማውሱን ጠቅ አድርጎ ወዲያው መልቀቅ ደካማ ምት ሲሆን፣ ተጭኖ ቆይቶ መልቀቅ ግን የመሣሪያውን ሙሉ ጉዳት ያወጣል። ጀማሪ ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይጫናል፤ እያንዳንዱ ሰንዘራ መስመሯን እየቀነሰ፣ ቢያገኝ እንኳን ብዙም ሳይጎዳ ያልፋል። የእህቴ ልጅ በማግሥቱ ረጅም ሰይፍ አግኝቶ፣ ወደ ውሃው ዳር በእርምጃ ወርዶ፣ ክንዱን ሙሉ አንሥቶ ሲሰነዝር ያችው ሸርጣን አራተኛውን ሰንዘራ አላየችም። የክብደት መቆጣጠሪያውን አልነካንም ነበር።

በአራተኛው ነጥብ ጸሐፊው ከራሳቸው ሁለተኛ ነጥብ ጋር ይጋጫሉ። ስታት ጌጥ ከሆነ በየደረጃው አምስት አምስት ያላገኘ ሰው ምኑ ይከሽፋል? ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ። ከዋናና ከንዑስ ችሎታዎች ዐሥር ጭማሪ ሲገኝ ደረጃ ይጨመራል፤ ያኔ ተጫዋቹ ሦስት መለኪያዎችን መርጦ ያሳድጋል። እያንዳንዱ የሚያድግበት መጠን በዚያ መለኪያ ሥር ያሉ ችሎታዎች በደረጃው ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳደጉ ተቆጥሮ ይወሰናል፤ ከ1 እስከ 4 ከሆነ በ2፣ ከ5 እስከ 7 ከሆነ በ3፣ 8 ወይም 9 ከሆነ በ4፣ ከ10 ጀምሮ በ5 ነው። ዕድል በሥሯ ችሎታ ስለሌላት ምንጊዜም በአንድ ብቻ ታድጋለች። አምስትን ለማሳደድ ሲባል በደብተር ላይ ጭማሪ እየቆጠሩ፣ የማይፈልጉትን ችሎታ ሆን ብሎ እየለማመዱ መዋል ይቻላል፤ እንዲህ አድርገው የሚደሰቱም አሉ። ይህ አሠራር አድካሚ ነው ያሉትን እኔም እቀበላለሁ። ነገር ግን ግዴታ አይደለም። ኦብሊቪየን ውስጥ ጠላቶች ከተጫዋቹ ደረጃ ጋር አብረው ስለሚያድጉ ያልተሰላ እድገት ያስቀጣል፤ በሞሮዊንድ ግን ብዙዎቹ ጠላቶች በየቦታቸው በተሰጣቸው ጥንካሬ የሚጠብቁ በመሆናቸው፣ በ2 እና በ3 እያደገ የሄደ ሰው ቢዘገይ እንጂ አይቀርም፤ የመለኪያዎቹ የተለመደው ጣሪያም ለሁሉም 100 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ጽናት ብቻ ነው። ደረጃ በተጨመረ ቁጥር የጽናት አንድ ዐሥረኛ በጤና ላይ ስለሚታከልና ላለፉት ደረጃዎች ተመልሶ ስለማይታሰብ፣ ጽናቱን ቀድሞ ያሳደገ ሰው ይጠቀማል፤ በ50 ጽናት በየደረጃው 5 ጤና የሚያገኘው ሰው በ100 ጽናት 10 ያገኛል። በዚህ ምክንያት ያሉትን ሰዓታት ሁሉ ደምስሶ ከአዲስ ጀምሩ ማለት ግን ልጆቹን በከንቱ ማድከም ነው።

ስለ ክብደት መቆጣጠሪያው ብዙ አልልም። መቆጣጠሪያው የሚለውጠው የሚደርሰውንና የምናደርሰውን ጉዳት ነው፤ የማግኘትን ዕድል አይነካም። ከመቶ 1.5 የሚያገኝ ሰው መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ቢስበውም የሚያገኘው ያንኑ 1.5 ነው። ጸሐፊው መድኃኒቱን የሰጡት ላልታመመው እግር ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ያሳዘነኝ ነው። ጨዋታው በረጅም የእንግሊዝኛ ንግግር የተሞላ፣ በካርታ ላይ የሚያመላክት ቀስት የሌለው፣ «በወንዙ ማዶ ከድልድዩ ወደ ሰሜን ታጠፍ» ብሎ በቃል አቅጣጫ የሚሰጥ በመሆኑ ለእኛ ልጆች አይሆንም ይላሉ። ንባቡ ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ መንገድ ጠይቆ የተሰጠው መልስ «ዋርካዋን አልፈህ፣ ዳገቷን ጨርሰህ፣ ሰኞ ገበያን በቀኝ ትተህ» የሚል ነው፤ በቃል በተነገረ አቅጣጫ መሄድን ማንም ሊያስተምረው አይገባም። የእንግሊዝኛውን ጉዳይ ደግሞ እኔና የእህቴ ልጅ በአንዲት ደብተር ተወጣነው። ስምንቱን መለኪያዎች በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአማርኛ ጻፍናቸው፤ ጥንካሬ፣ አስተዋይነት፣ ቆራጥነት፣ ቅልጥፍና፣ ፍጥነት፣ ጽናት፣ ግርማ ሞገስ፣ ዕድል። በየሥራቸው ደግሞ ሃያ ሰባቱን ችሎታዎች እየደረደርን ስንሄድ፣ አጭር ስለት በየትኛው ጎራ እንዳለ ያገኘው እርሱ ራሱ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ መቶኛን በትምህርት ቤት ተምሮት ነበር፣ ምን እንደሚሠራለት ያየው ግን በዚያች ሸርጣን ላይ ነው። ከቡና መልስ፣ በረካው ሳይጠጣ፣ «አጎቴ፣ ቅልጥፍናዬን 50 ባደርገው ስንት ይጨመርልኛል?» ብሎ ጠይቆኝ፣ መልሱን ሳልሰጠው ራሱ አስልቶ «2.5፣ መስመሬ ሙሉ ከሆነ» አለኝ። ልክ ነበር።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ስድስቱንም ነጥቦች እንዲተዉ አይደለም። ስለ ሳተ ምት አገላለጽና ስለ ደረጃ አጨማመሩ አድካሚነት የጻፉት ቢቆይ እኔም እፈርምበታለሁ። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ግን ቢያርሙ ደስ ይለኛል፤ ጽሑፋቸው አሁንም እየተዘዋወረ ነውና፣ ዛሬ ማታ የሚጀምር ሌላ ልጅ መስመሩን ባዶ አድርጎ፣ መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ያው ሸርጣን ፊት ሊቆም ይችላል። ደብተሩን የእህቴ ልጅ ወደ ኮምቦልቻ ይዞት ወርዷል፤ የስሌቱ ገጾች ግልባጭ እኔ ዘንድ ስላለ፣ ለእርማቱ የሚያስፈልግ ከሆነ በደስታ እልካለሁ።